ሦስተኛው ሰው ማን ነው?

በቅድሚያ ላለፈው ወር ጥያቄ መልሱን እንስጥ። ኢትዮጵያን በክረምት ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የወከለው ሮቤል ተክለማርያም ነው። በ2006 ቱሪን ላይ፣ ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ ቫንኩቨር ላይ በአገር አቋራጭ የበረዶ ሸርተቴ ተወዳድሯል። በትክክል የመለሳችሁ ልጆች፣ ጎበዞች! (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የምንጽፈው ልጆቹ ትምህርት ቤት የሚያውቁት እሱን ስለሆነ ነው። የእኛን ስንጠቀም «ዓ.ም.» እንላለን።)

አሁን ወደዚህ ወር ጉዳይ። በቀደም ለት እዚህ ካፔለ እንጀራ ልገዛ ሱቅ ገብቼ፣ እንጀራው ገና አልደረሰም ተባልንና ስድስት ሰባት ሰው ቆመን እንጠብቃለን። ዝም ብሎ ከመቆም ብዬ ለሁሉም ጥያቄ ጣልኩ። «የማራቶንን የዓለም ክብረ ወሰን የያዙ ኢትዮጵያውያን ወንዶች ሦስት ናቸው። እነማን ናቸው?»

አንደኛው ሳልጨርስ መጣ። «አበበ ቢቂላ!» ትክክል። በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2:15:16 ሲገባ፣ በ1964 ደግሞ ቶኪዮ ላይ በጫማ 2:12:11 ሲገባ፣ ሁለቱም ጊዜ ከዚያ በፊት ከተሮጠው ሁሉ የፈጠነ ነበር። ሁለተኛውን ልጅ ያዘለች እናት መለሰችው፤ «ኃይሌ!» እሱም ልክ ነው። በርሊን ላይ በ2007 2:04:26፣ በዓመቱ ደግሞ እዚያው 2:03:59 ሮጧል። ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ በታች የገባ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

ሦስተኛው ላይ ሱቁ ጸጥ አለ።

«ቀነኒሳ!» አለ አንድ ልጅ፣ የእግር ኳስ ማሊያ የለበሰ። በጣም ቀርበህ ነበር የኔ ጌታ፤ ቀነኒሳ ራሱም በጣም ቀርቦ ነበር። በ2019 በርሊን ላይ 2:01:41 ሮጠ። በወቅቱ የዓለም ክብረ ወሰን የኬንያዊው ኤሊዩድ ኪፕቾጌ 2:01:39 ነበር። ሁለት ሰከንድ! ከአርባ ሁለት ኪሎ ሜትር በኋላ ሁለት ሰከንድ፤ የጫማ ክር እንኳ አያስርም። በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ክብረ ወሰን ለዓመታት የያዘ ሰው በማራቶን ያመለጠው በዚህች ነው።

«ማሞ ወልዴ ይሆናላ» አሉ አንድ አባት። ማሞ በ1968 ሜክሲኮ ላይ በማራቶን ወርቅ አግኝቷል፤ ሜክሲኮ ሲቲ ግን ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ክብረ ወሰን የሚሰበርበት ቦታ አልነበረም። ወርቅ አዎ፣ ክብረ ወሰን አይደለም። «እንዲያ ከሆነ አላውቅም፤ በል ንገረን» አሉኝ።

በላይነህ ዴንሳሞ ነው።

አባትየው ስሙን ሲሰሙ «ውይ! በላይነህ!» ብለው ግንባራቸውን መቱ። የማሊያው ልጅ ግን ጭራሽ ሰምቶት አያውቅም። እናቱም አልሰማችም። በላይነህ ያንን ክብረ ወሰን የሰበረው የት እንደሆነ ስነግራቸው ደግሞ ማንም ሊያምነኝ አልቻለም። እዚሁ ነውኮ! ካፔልስብሩህ ላይ ሜትሮ ተሳፍረን ቡርስ ብንወርድ፣ ደረጃውን ወጥተን የምናገኘው የኮልሲንገል መንገድ ላይ። ልብስ ልንገዛ፣ ማዘጋጃ ቤት ልንሄድ ስንቴ አልፈንበታል።

ቀኑ ሚያዝያ 9 ቀን 1980 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ አፕሪል 17 ቀን 1988፣ እሑድ ነበር። ፋሲካ በዋለ በሳምንቱ፣ የዳግም ትንሣኤ ዕለት። አገር ቤት የፋሲካው መጠራራት ገና አላበቃም፤ በላይነህ ሮተርዳም ላይ ነው። የቅርብ ተፎካካሪው የጎረቤት ልጅ ነበር፤ የጅቡቲው አህመድ ሳላህ። በላይነህ 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ገባ። ሳላህ ከ17 ሰከንድ በኋላ በ2:07:07 ተከተለው። የፊተኛው ክብረ ወሰን 2:07:12 ስለነበር፣ ሁለተኛ የወጣው ሳላህም ከአሮጌው ክብረ ወሰን ፈጥኖ ነው የገባው። እንግዲህ አስቡት፤ በዓለም ላይ ከዚያ በፊት ከሮጠ ሰው ሁሉ ፈጥነህ ትሮጣለህ፣ ግን ሁለተኛ ነህ።

ልጆች፣ ይህ ፍጥነት ምን ማለት እንደሆነ በእግራችሁ ልታውቁት ትችላላችሁ። ቁጥሩን ስናካፍለው በላይነህ እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር በ3 ደቂቃ ገደማ ነው የሮጠው። መቶ ሜትር በ18 ሰከንድ ማለት ነው። ቤታችሁ አጠገብ ሜዳ ላይ መቶ ሜትር ለኩ፤ አባባን ወይም እማማን ሰዓት አስይዙና ሩጡ። በ18 ሰከንድ የሚገባ ልጅ አይጠፋም። ጎሽ! አሁን ሳታርፉ ያንኑ 421 ጊዜ ድገሙት። በላይነህ ያደረገው እሱን ነው። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል፤ እናንተ ጠዋት ዘግይታችሁ በፊትስ ትምህርት ቤት ስትበሩ እንኳ እዚህ ፍጥነት ላይ መድረሳችሁን እንጃ። (አባቶች፣ እናንተም ሞክሩት፤ ግን መጀመሪያ ሰውነታችሁን አፍታቱ። እኔ ሳላፍታታ ሞክሬ ሦስት ቀን አነከስኩ።)

ከሁሉ የሚገርመው ግን የክብረ ወሰኑ ዕድሜ ነው። ከዚያች እሑድ ጀምሮ 1988 አለፈ፣ 1990 አለፈ፣ መንግሥት ተለወጠ፣ ሦስት የበጋ ኦሊምፒክ ተካሄደ፤ የበላይነህን ሰዓት የነካው የለም። በመጨረሻ በሴፕቴምበር 1998 ብራዚላዊው ሮናልዶ ዳ ኮስታ በርሊን ላይ 2:06:05 ሮጦ ሰበረው። አሥር ዓመት ከአምስት ወር! ያን ዕለት የተወለደ ልጅ አራተኛ ክፍል እስኪደርስ ማለት ነው።

ሮተርዳምም በዚህ የምትኮራበት ነገር አላት። በላይነህ የሰበረው ክብረ ወሰን የፖርቹጋሉ የካርሎስ ሎፔዝ ነበር፤ ሎፔዝም በ1985 የሮጠው እዚሁ ሮተርዳም ላይ ነው። ስለዚህ ከ1985 እስከ 1998 ድረስ የወንዶች ማራቶን ክብረ ወሰን ከዚህች ከተማ አልወጣም፤ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ነው የተላለፈው። በዚያ ላይ በአፕሪል 1998 ኬንያዊቷ ቴግላ ሎሩፔ የሴቶቹን በ2:20:47 እዚሁ ሰበረች። ከዚያ በኋላ ለአምስት ወር ያህል የዓለም የወንዶችም የሴቶችም ማራቶን ክብረ ወሰን ሁለቱም የሮተርዳም ነበሩ፤ ሁለቱንም የያዙት የምሥራቅ አፍሪካ ልጆች ናቸው።

በላይነህ ሮተርዳምን ያሸነፈው አንዴ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1987፣ በ1988፣ በ1989 በተከታታይ፣ ከዚያ ሰባት ዓመት ቆይቶ በ1996 እንደገና። አራት ጊዜ። ከእሱ በፊት በ1986 ያሸነፈው ደግሞ አበበ መኮንን ነው፤ በ1989 ቦስተንን ያሸነፈው አበበ። አራት ዓመት ሙሉ የሮተርዳም ማራቶን አሸናፊ ኢትዮጵያዊ ነበር ማለት ነው።

እግረ መንገዴን ልጆቹ ጓደኞቻቸውን የሚያሸንፉባት አንዲት ጥያቄ ልስጣቸው። ዛሬ የሮተርዳም ማራቶን ሲባል ሁሉም ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣበት ኤራስመስ ድልድይ ነው፤ ነጩ፣ አንገተ ረጅሙ። በላይነህ ሮተርዳምን አራት ጊዜ ሲያሸንፍ ኤራስመስ ድልድይን ስንት ጊዜ ተሻገረ? መልሱ ዜሮ ነው። ድልድዩ የተከፈተው በሴፕቴምበር 1996 ነው፤ እሱ ደግሞ ለመጨረሻ ጊዜ ያሸነፈው በዚያው ዓመት በሚያዝያ።

አሁን ደስ ወደማይለው ክፍል ልግባ። ሱቁ ውስጥ የነበሩት አባት ስሙን ሲሰሙ ግንባራቸውን የመቱት በደስታ ብቻ አልነበረም። «ሴኡል!» አሉ ወዲያው።

በላይነህ ክብረ ወሰኑን በሰበረ በአምስት ወር ተኩል የሴኡል ኦሊምፒክ ማራቶን ተካሄደ። በዓለም ላይ ከሱ የፈጠነ የማራቶን ሯጭ አልነበረም። ኢትዮጵያ ግን ሴኡል አልሄደችም። የወቅቱ መንግሥት ከሰሜን ኮሪያ ጎን ቆሞ፣ እንደ ኩባ ሁሉ፣ ከጨዋታው ቀረ። ከዚያ በፊት በ1984 የሎስ አንጀለሱ ላይም ቀርተን ነበር። ከሞስኮ 1980 እስከ ባርሴሎና 1992 ድረስ አሥራ ሁለት ዓመት ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ የለችም። የሯጭ ዕድሜ ደግሞ ታውቃላችሁ፤ አሥራ ሁለት ዓመት የአንድ ሰው ሙሉ የሩጫ ዘመን ነው።

ኦክቶበር 2 ቀን 1988 የሴኡልን ማራቶን ጣሊያናዊው ጀሊንዶ ቦርዲን በ2:10:32 አሸነፈ። ሦስተኛ ማን ወጣ? አህመድ ሳላህ! ሮተርዳም ላይ በላይነህ በ17 ሰከንድ የቀደመው ያ የጅቡቲ ልጅ። ነሐሱም ለአገሩ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ሆነ።

እርግጥ ነው፣ በላይነህ ቢሄድ ያሸንፍ ነበር ብዬ አልምልም። ኦሊምፒክ ሌላ ነው። በሙቀት ነው የሚሮጠው፣ ፍጥነት የሚጠብቁ አሯሯጮች የሉም፣ ሁሉም እየተጠባበቀ ነው የሚሄደው። ክብረ ወሰን የያዘ ሰው ኦሊምፒክ ላይ አሥረኛ ሲወጣ አይተናል። ግን ቢያንስ መነሻው መስመር ላይ መቆም ነበረበት። ልጆቻችን ስሙን የማያውቁት በዚህ ይመስለኛል። እኛ አገር ሯጭ የሚታወሰው በኦሊምፒክ ወርቅ ነው፤ ስም የሚወጣለት፣ መንገድ የሚሰየምለት ያ ነው። በእሑድ ጠዋት ሮተርዳም ላይ ለተሮጠ 2:06:50 የሚሆን ቦታ አላዘጋጀንም።

ለመሆኑ የእኛ ሰዎች ለምን እዚህ አገር ይፈጥናሉ? የዚህ መልስ ካፔለ አጠገብ ነው ያለው። ከእኛ ቀጥላ ያለችውን ኒውወርከርክን ታውቋታላችሁ፤ በባቡር ወደ ኻውዳ ስትሄዱ የምታልፏት። የኔዘርላንድ ዝቅተኛ ቦታ የሚባለው እዚያ ነው፤ ከባሕር ወለል 6.76 ሜትር በታች። ምልክትም ቆሞለታል፤ ከዚህ በፊትስ ይደረሳል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ናት። ደራርቱ፣ ቀነኒሳና ጥሩነሽ የወጡባት በቆጂ ከዚያም ትበልጣለች፤ 2,800 ሜትር ገደማ። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ትንሽ ነው። ሰውነት ይህን ለማካካስ ኦክስጅን ተሸካሚ ቀይ የደም ሕዋሳትን ያበዛል። እንግዲህ ያ ሰው በዚያ ደሙ አውሮፕላን ተሳፍሮ ወደዚህ፣ አየሩ ወደ ወፈረበት ሲወርድ፣ ሸክም አራግፎ እንደሚሄድ ሰው ነው። በዚያ ላይ አገሩ ሜዳ ነው፤ ዳገት ቢባል ድልድይ ነው። ሚያዝያ ላይ ደግሞ ብርድ ብርድ ይላል፤ እኛ የምናማርረው ብርድ ለሯጭ ሲሳይ ነው። ጠላቱ ነፋሱ ብቻ ነው።

በዚህ የተጠቀመች ሌላ ከተማ አለች። ሄንገሎ፤ በስተምሥራቅ፣ ጀርመን ድንበር አጠገብ። ብዙዎቻችን ሄደንባት አናውቅም። በኢትዮጵያ ሩጫ ታሪክ ግን ሄንገሎን የሚያህል የውጭ አገር ከተማ ማግኘት ይከብዳል። እዚያ ያለው ስታዲየም መም ላይ ኃይሌ በ1994 የ5 ሺህ ሜትርን ክብረ ወሰን 12:56.96 ሮጦ ሰበረ። የኃይሌ የመጀመሪያው የዓለም ክብረ ወሰን ይህ ነው። በ1995 ተመልሶ የ10 ሺህውን፣ በ1997 የሁለት ማይሉን፣ በ1998 እንደገና የ10 ሺህውን፤ 26:22.75። ሃያ አምስቱን ዙር እያንዳንዱን በ63 ሰከንድ ገደማ ማለት ነው። በ2004 ቀነኒሳ መጣና እዚያው መም ላይ የኃይሌን የ5 ሺህ ክብረ ወሰን በ12:37.35 ወሰደበት፤ የቀነኒሳ ሰዓት ከ16 ዓመት በላይ ቆየ።

ስታዲየሙ የተሰየመው በፋኒ ብላንከርስ ኩን ነው። ይህቺን ሴት እናቶች ሁሉ ሊያውቋት ይገባል። በ1948 የለንደን ኦሊምፒክ ዕድሜዋ 30፣ የሁለት ልጆች እናት ነበረች። አርጅታለች፣ ልጆቿን ታሳድግ ያሉ አልጠፉም። አራት የወርቅ ሜዳሊያ ይዛ ተመለሰች፤ በ100 ሜትር፣ በ200 ሜትር፣ በ80 ሜትር መሰናክልና በዱላ ቅብብል። አገሯ ስትመለስ ምን ሸለሟት? ፊትስ! ሆላንድ ሆላንድ ናት። ገና ልጅ ሳለች በ1936 በርሊን ላይ የጥቁር አሜሪካዊውን የጄሲ ኦወንስን ፊርማ ለምና ተቀብላ ነበር፤ ፊርማውን ዕድሜዋን ሙሉ እንደ ውድ ዕቃ ይዛዋለች። ሐውልቷም እኛው ሮተርዳም ውስጥ አለ፤ ቅዳሜ ልጆቻችሁን ወስዳችሁ አሳዩ።

ከሄንገሎ ግን ለኔ የሚበልጠው የ2021 ሰኔ መጀመሪያ ነው። እሑድ ጁን 6 ቀን ሲፋን ሐሰን የሴቶችን የ10 ሺህ ሜትር ክብረ ወሰን ሰበረች፤ 29:06.82። ክብረ ወሰኑ የአልማዝ አያና ነበር፣ በ2016 ሪዮ ላይ የሮጠችው 29:17.45። ኔዘርላንድ በሙሉ ተደሰተ። ሰኞ ጋዜጣው ሁሉ እሷ ናት። ማክሰኞ ጁን 8፣ እዚያው መም ላይ፣ ሌላ ውድድር ነበር። ምን ይመስላችኋል? የኢትዮጵያ የኦሊምፒክ ማጣሪያ! አዎ፣ ለቶኪዮ የሚሄዱ የኢትዮጵያ ሯጮች የተመረጡት ሄንገሎ ላይ ነው። ለተሰንበት ግደይ ተነሳችና 29:01.03 ሮጠች። የሲፋን ክብረ ወሰን ሁለት ቀን ብቻ ኖረ። የበላይነህ አሥር ዓመት፣ የሲፋን ሁለት ቀን፤ ሁለቱም እዚህ አገር።

በዚያ ሰሞን እኛ ቤት ክርክር ተነሳ። ወንዱ ልጄ ክፍል ውስጥ ስፕሬክበርት ነበረበት፤ ልጆቹ ከፊት ቆመው የመረጡትን ነገር ለክፍሉ የሚያስረዱበት ማለት ነው። ሲፋንን መረጠ። ወረቀቱን ሲያዘጋጅ መጣና «አባ፣ ሲፋን የእነሱ ናት ወይስ የእኛ?» አለኝ። እኔ ሳላስብ «የእኛ ናት እንጂ!» አልኩት። «ታዲያ ለተሰንበት ስታሸንፋት ለምን ጨፈርክ?» አለኝ። እናቱ ከወጥ ቤት ሳቀች።

መልስ አልነበረኝም። ሲፋን አዳማ ነው የተወለደችው። በ2008፣ በ15 ዓመቷ፣ ስደተኛ ሆና እዚህ መጣች። ነርስነት እየተማረች ነው መሮጥ የጀመረችው። የሆላንድ ዜግነት ያገኘችው በ2013 ነው። ልጄ ይህን ሁሉ ጻፈ። አንድ ቀን ዘግይቶ ቢያቀርብ ደግሞ የማጣሪያውን ወሬ ይጨምር ነበር፤ እሱ ሰኞ ነበር ያቀረበው፣ ክብረ ወሰኑ በማግስቱ ተሰበረ። «ስፕሬክበርቴን አበላሸችብኝ» ብሎ ለተሰንበት ላይ አንድ ሳምንት አኮረፈ።

ኦገስት ላይ ቶኪዮ መጣ። ሲፋን በ1500፣ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሦስቱንም እሮጣለሁ ብላ ገባች። ኦገስት 2 ቀን ጠዋት በ1500 ሜትር ማጣሪያ፣ ሊጠናቀቅ አንድ ዙር ሲቀር ተደነቃቅፋ ወደቀች። ተነሳች። ከኋላ ጀምራ ሁሉንም አልፋ አንደኛ ወጣች። ያኑ ዕለት ማታ ደግሞ የ5 ሺህውን ፍጻሜ ሮጣ ወርቅ ወሰደች። በመሀል ምን አደረገች ቢሏት፣ ቡና መጠጣቷን ተናገረች። ያለ ቡና አይሆንም ነበር አለች። እዚህ ላይ እኛ ቤት የማን ናት የሚለው ክርክር ለጊዜው ተፈታ።

በስድስተኛው ቀን፣ ኦገስት 7፣ የ10 ሺህው ፍጻሜ ነበር። ሲፋንና ለተሰንበት እንደገና ተገናኙ። አንደኛ ሲፋን ሐሰን፣ ኔዘርላንድ። ሁለተኛ ቃልኪዳን ገዛኸኝ፣ ባህሬን። ሦስተኛ ለተሰንበት ግደይ፣ ኢትዮጵያ። ሽልማት ላይ ሦስት ሰንደቅ ዓላማ ወጣ፤ ከሥሩ የቆሙት ሦስቱም ሴቶች የተወለዱት ኢትዮጵያ ነው። ልጄ ቴሌቪዥኑን ትኩር ብሎ አየና «ይሄኛውን ነበር ማቅረብ የነበረብኝ» አለ።

የፓሪሱን ሁላችሁም ስላያችሁት አላረዝመውም። በ2024 ሲፋን በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሁለት ነሐስ ካገኘች በኋላ በማግስቱ ሳይሆን በሁለተኛው ቀን ማራቶን ሮጣ በ2:22:55 ወርቅ ወሰደች። ትዕግስት አሰፋ በሦስት ሰከንድ ተቀደመች። ስለ ትዕግስት ግን ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገራችሁ። በ2023 በርሊን ላይ 2:11:53 ሮጣ የዓለምን ክብረ ወሰን የሰበረችው ይህቺው ትዕግስት፣ በ2016 ሪዮ ኦሊምፒክ ላይ ኢትዮጵያን የወከለችው በ800 ሜትር ነበር። ሁለት ዙር ብቻ! ከሁለት ዙር ወደ 42 ኪሎ ሜትር።

ወደ ሱቁ ልመለስ። እንጀራው ደርሶ ሁላችንም ተሸክመን ስንወጣ፣ የማሊያው ልጅ በሩ ላይ ጠበቀኝ። «አባባ፣ ያ ሰውዬ ስሙ ማን ነበር ያሉት?» አለኝ። «በላይነህ ዴንሳሞ።» ስልኩን አወጣና እንዴት እንደሚጻፍ ጠየቀኝ፤ በላቲን ፊደል ጻፍኩለት። ከዚያ ተመልሶ «ሁለት ሰዓት ከስድስት ደቂቃ ከስንት?» አለኝ። «ከሃምሳ» አልኩት። እናቱ አውቶቡሱ ሊያመልጠን ነው ብላ ጎተተችው።

የሚቀጥለው ወር ጥያቄ ይህቺው ናት። አበበ ቢቂላ በመኪና አደጋ እግሮቹ ከተጎዱ በኋላ፣ በ1971 ኖርዌይ ውስጥ በተደረገ የአካል ጉዳተኞች ውድድር ላይ በእንግድነት ተጋብዞ ሄደ። እንግድነቱን ትቶ ተወዳደረ፤ በበረዶ ላይ በተደረገ አንድ ውድድርም አሸነፈ። ውድድሩ ምን ነበር? ፍንጭ ልስጣችሁ፤ እንስሳት አሉበት። መልሱን ልጆች ራሳቸው ጽፈው መጽሔቱን ለወሰዱበት ሱቅ ይስጡ።